ወደ ማዶ በገዛ ስሜ

ጥቅምት 5

ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባለቤቴ ሊሞት ሲል «እትዬን ጥሪልኝ» አለኝ። ታላቅ እህቱን። እሺ አልኩት። አልጠራኋትም። ከእሷ ጋር ተኳርፈን ነበር፤ ነገ እደውላለሁ አልኩ... ነገን እሱ አላየውም።

ይኸው ጻፍኩት። እጄም አልተቆረጠም።

ዛሬም እንደ ወትሮው። ጋራዡ የዘይት ማጣሪያ ወሰደ፤ አስፈረምኩ። በምሳ ሰዓት የግምጃ ቤቱን በር ዘጋሁ፣ ማዳመጫዬን አጠለቅኩ፣ ማዶ ገባሁ። «ማዶ» የምንለው መሥሪያ ቤታችን በኮምፒውተር ያሠራውን ዓለም ነው። መካኒኮች ሞተር መፍታት እንዲለማመዱበት ነበር፤ አሁን የየቅርንጫፉ ሰው ምስሉን እያራመደ ወሬ ይሰልቅበታል። እኔ እዚያ «አባ ለፍልፍ» ነኝ። የሽማግሌ ምስል፣ የሽማግሌ ድምፅ መርጬ የአንድ ጀልባ ቀዛፊን ታሪክ ከመጽሐፍ አነብላቸዋለሁ። እንደምን አደራችሁ ለማለት የሚጨንቀኝ ሴት!

«ቅመም»ም መጣች። ድምፅዋን እንኳ አልቀየረችም። እሷ ምን ፈርታ! የስምሪት ክፍሏ እትዬ ናት... ወንድሟ ከተቀበረ ወዲህ አንድ ቃል ያልተነፈሰችኝ ዋርሳዬ።

«አባባ፣ ያን ጀልባ ቀዛፊ ዛሬ አስጥመኸው ብትወጣ ውርድ ከራሴ!» አለችኝ። አዳራሹ በሳቅ።

ጥቅምት 7

ትናንት አንዱ ቀልደኛ በሥራ አስኪያጁ ስም ማዶ ገብቶ «ነገ ሥራ የለም» ብሎ አወጀ። ዛሬ አንድ ቅርንጫፍ እንዳለ ቤቱ ተኝቶ ዋለ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ጥቅምት 10

ሳቁ ወደ እኔ ዞረ። የሲስተም ባለሙያዋ መጣች።

«እናቴ፣ ከሚመጣው ዓርብ ጀምሮ ማዶ የሚገባው በሠራተኞች ማውጫ ነው። ስምዎንና የይለፍ ቃልዎን ማውጫው አይቶ ‹አዎ፣ የኛ ሰው ናቸው› ሲል ብቻ በሩ ይከፈታል። የይለፍ ቃሉም ተቆልፎ ነው የሚጓዘው፤ መንገድ ላይ ጠልፎ የሚያነበው የለም።»

«ቅጽል ስምስ?»

«ቀረ። ድምፅ መቀየርም ቀረ። ስምዎ ከአናትዎ በላይ ይጻፋል።»

ከአናቴ በላይ! ዓርብ ደግሞ የመጨረሻውን ምዕራፍ የማነብበት ቀን...

ጥቅምት 12

ንባቡ ሲያልቅ ቅመም ወደ ኋላ ቀረች።

«አባባ፣ አንተ የሰው ነገር ይገባሃል። ወንድሜ ሲሞት ሚስቱ አልጠራችኝም። እሺ፣ እሷስ ትቅር። እሱ ግን እኔን ሳይጠይቅ ሞተ? እሱን እያሰብኩ እንቅልፍ የለኝም።»

«እግዜር ያውቃል» ብዬ ወጣሁ።

እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው? ፈሪ!

ጥቅምት 14

ዓርብ ብቀርስ? አባ ለፍልፍ ጡረታ ወጣ ቢባልስ? ማን ይጠይቀኛል? የግምጃ ቤቷን ሴትዮ ማንም አይጠረጥርም።

እትዬ ግን እንቅልፍ እንዳጣች ትኖራለች።

ጥቅምት 16፣ ዓርብ

ገባሁ! ለጥቂት ነው እንጂ ቀርቼ ነበር። ስሜን ጻፍኩ፣ የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ... «በማውጫው ውስጥ የሉም።» ደገምኩ። «የሉም።» እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ማዳመጫዬን አውልቄ ተነሣሁ። በሩ ጋ ስደርስ እግሬ እንቢ አለ። ተመልሼ ለባለሙያዋ ደወልኩ።

«ስምዎን በየትኛው ሰ ነው የጻፉት?»

«ሰ ደግሞ ስንት ነው?»

«ውይ እናቴ! ማውጫው ላይ ያሉት በንጉሡ ሠ ነው። እርስዎ በእሳቱ ሰ ገብተው ማን ያውቅዎታል?»

ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን፣ በመለዋወጫ ካርቶን ላይ ነው። በዚያ ሰፈር ንጉሥ አልነበረማ!

በንጉሡ ሠ ገባሁ። አዳራሹ ጢም ብሏል። በገዛ ድምፄ «አባ ለፍልፍ እኔ ነኝ» አልኩ።

«የግምጃ ቤቷ?» አለ አንድ መካኒክ። «እሷ ትናገራለች እንዴ?»

እትዬ ከፊት ቆማለች፤ ስሟ ከአናቷ በላይ። ጠበቅኳት። የምትወጣ መሰለኝ።

«ስድስት ወር ሙሉ አባባ ስልሽ...» አለች። «አንቺ ጉደኛ!»

«እትዬ...»

«ዝም በይ! ...አይ፣ ዝም አትበይ። አንብቢ።»

አነበብኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ሁለተኛው ላይ ጠራ። ጀልባ ቀዛፊው ተሻግሮ መሬት ሲረግጥ ጭብጨባው ጆሮዬን ሊያደነቁረው! በስሜ ጠሩኝ። በገዛ ስሜ! ይህን ሁሉ ዓመት ድምፄን የት ደብቄው ኖሬያለሁ?

ከመውጣቴ በፊት እትዬን «እሁድ ቤት ይምጡ፤ የምነግርዎ አለ» አልኳት።

ጥቅምት 18፣ እሁድ

መጣች። ገና ሳትቀመጥ ነገርኳት። «ጠርቶዎት ነበር። ‹እትዬን ጥሪልኝ› ብሎኛል። ያልጠራሁዎ እኔ ነኝ።»

ጠረጴዛውን በጡጫዋ መታችው። «ይቅር አልልሽም! ዛሬ አልልሽም!»

«እሺ» አልኩ።

ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ «በስሜ ነው ወይስ እትዬ ብሎ?»

«እትዬ ብሎ።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት። አሁንም ድገሚው አለች። አለቀሰች... ከዚያ ብድግ ብላ ሙግት እንደረታ ሰው «ጠርቶኛል!» አለች። «ጠርቶኛል ወንድሜ!» የጎረቤት በር ተከፈተ። ይስሙ! እኔም አብሬያት ጮህኩ።

ስትሄድ የመጨረሻ ቀኖቹን አንድም ሳላስቀር እንድነግራት ጠየቀችኝ። አፌ ገና አይዘልቀውም፤ እጄ ግን ይችላል። ያለውን፣ የሳቀበትን፣ ያኮረፈበትን ሁሉ ከነገ ጀምሮ እዚሁ እጽፈዋለሁ። ሲያልቅ እነዚህ ገጾች የእትዬ ናቸው።