በባንቺአየሁ ቤት የቀመስኩት ዓሣ

ይድረስ ለማይጠገበው ወንድሜ ለዘይኑልአቢዲን፣ አሰብ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድሜ ሆይ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? ያ የወደቡ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ወገብህን ያምህ የነበረው ለቀቀህ ወይስ እንደ ልማድህ ደብቀኸን ነው? ባለቤትህ ደህና ናት? በስም እንጂ በመልክ የማላውቃቸው ልጆችህስ አደጉ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። ይህን የምጽፍልህ በመሠረተ ትምህርት በቀሰምኩት ፊደል ነውና ቢንጋደድብህ በእኔ ሳቅ፣ በፊደሉ አትሳቅ።

ወደ ወሬው ሳልገባ አንድ አደራ አለኝ። ይህን ደብዳቤ ያመጣልህን ልጅ በር ላይ አቁመው። አንብበህ እስክትጨርስ ውሃ ስጠው እንጂ እህል እንዳታቀርብለት። ክፉ ሆኜ አይደለም፤ ምክንያቱን ስትደርስበት ታየዋለህ።

የባንቺአየሁን ጠጅ ቤት ታስታውሰዋለህ? ያ ክረምት ሲገባ ውስጡ ከደጁ ይልቅ የሚዘንብበት? አሁን ብታየው አታውቀውም። አፍርሳ ዳግመኛ ሠርታ «ሐይቅ ዳር ምግብ ቤትና ቡና ቤት» ብላዋለች። ወለሉ ከማብረቁ የተነሳ ጫማህን አውልቀህ መግባት ያምርሃል። ጠረጴዛው ነጭ ልብስ ለብሷል፤ ሳህኑ ላይ ደግሞ እንደ ጥምጥም የተጠቀለለ ጨርቅ ቆሟል፤ አፍ መጥረጊያ ነው አሉኝ። ቀይና አረንጓዴ አምፖል በጠራራ ፀሐይ ይበራል። ቴፑ አምባሰልን ያንቆረቁራል። እኔ ባንኮኒው ላይ የተደረደረውን መጠጥ ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ለካ ፊት ለፊቴ ያለው ግድግዳ ሙሉው መስታወት ኖሯል! ጠርሙሱ ሁሉ ዞሮ መጥቶ ፊቴ ላይ ተደረደረ። አስተግፊሩላህ እያልኩ ዓይኔን ወደ ጣሪያ ብሰቅል አምፖሉ አጥበረበረኝ።

አንተ እዚያ ምን ጥልቅ አደረገህ ትለኝ ይሆናል። ነገሩ የዙሌይካ ነው። ያቺ አዝለህ ያሳደግካት ልጄ ለወግ ለማዕረግ ደርሳ ሽማግሌ እየተላከባት ነው። ኑርዬ ለሚባል ልጅ ጎረቤታችን ማናዬ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ሦስት ጊዜ ደጄን ጠና። ወጉን ታውቀዋለህ፤ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እህል አይቀምስም፤ አብሬያቸው ከቆረስኩ ደግሞ ሰጠሁ ማለት ነው። እኔም አልሰጥም ስል እናቷ አሚናት ያቀረበችውን ሳይነኩ ይመለሳሉ። በሽማግሌ ምግብ እኛ ወፈርን።

ኑርዬ ባለጌ ሆኖ አይደለም እምቢ ያልኩት። ሶላቱን አይተውም፣ ሰው ያከብራል፤ ዙሌይካም ልቧ እሱ ዘንድ እንዳለ አሚናት ነግራኛለች። ጥፋቱ አንድ ነው፤ ሾፌር ነው። ባለ ተሳቢ ፊያት ይዞ ከደሴ አሰብ ይመላለሳል። አንተንም የወሰደብኝ ፊያት ነው። «አንድ በጋ ሠርቼ እመለሳለሁ» ብለህ ጭነቱ ላይ የወጣህ ዕለት ዙሌይካ ከአንገትህ አልላቀቅ ብላ በግድ ነው የተቀበልኳት። ይኸው እሷ አድጋ ለትዳር በቃች፣ ያንተ በጋ ግን አላልቅ አለ። የቀረችኝን አንዲት ልጅ በዚያው መንገድ ስደዳት ሲሉኝ እንዴት እሺ ልበል? የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለእኔ ነው።

ታዲያ ማናዬ ማክሰኞ ዕለት መጥቶ፣ ባንቺአየሁ ቤቷን ልታስመርቅ ነው፣ አገር ሲሄድ አንተ ብትቀር ነውር ነው፣ የጋብቻ ወሬም አናነሳም አለኝ። ወጥመድ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ሄጄ አይቼ፣ እህል ሳልቀምስ እመለሳለሁ ብዬ ማልኩ።

መጀመሪያ ሚሪንዳ አዘዙልኝ፤ መጠጥ እህል አይደለምና ጠጣሁ። ቀጥሎ አስተናጋጁ፣ አንገቱ ላይ ቢራቢሮ የመሰለች ጥቁር ነገር አስሮ፣ የእስላሙ ሥጋ በተለየ ማድቤት ተሠርቷል አለኝ። ሆዴን አሞኛል ብዬ ዳንኩ። ማናዬ ፈገግ ብሎ ዓሣ ይምጣ አለ። ዓሣ ማን አረደው አይባልበት፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ ይበላዋል። ሙሉ ሙሉው የተጠበሰ ቆሮሶ በአንድ ሰፊ ትሪ መጥቶ መሀላችን ተዘረጋ። ሽታውን ልንገርህ? አልነግርህም፤ አሰብ ሆነህ ትሰቃያለህ።

እጄን አልዘረጋሁም። ማናዬም አልዘረጋም፤ ሁለቱም ሽማግሌዎች እጃቸውን ጉያቸው ከተቱ። ማናዬን የጋብቻ ወሬ አናነሳም አላልክም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ እኔ ምን አነሳሁ፣ እጄን እንኳ አላነሳሁም አለኝ። እንዲህ ተፋጠን ዓሣው በረደ።

ጉዱ የመጣው ይሄኔ ነው። አጠገባችን ያሉ እስላሞች አዩንና፣ አሊ ያልነካው ቢያጠራጥር ነው ብለው ምግባቸውን ገፋ አደረጉ። ክርስቲያኖቹ ደግሞ ማናዬን አይተው፣ ዛሬ ጾም ነው እንዴ ብለው ቀኑን በጣታቸው መቁጠር ያዙ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር አዲስ መመሪያ የወረደ መስሎት ሹካውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ያ ሁሉ አዳራሽ መብላት አቆመ። የሚሰማው ቴፑ ብቻ ሆነ።

ባንቺአየሁ ከማድቤት ወጣች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ጎንበስ ብላ፣ «ወንድሜ አሊ፣ ምን በደልኩህ? ዛሬ አንተ ካልቀመስክልኝ ነገ ደጄን የሚረግጥ የለም» አለችኝ። ወላሂ አንጀቴን በላችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ያቆመችው ቤት ነው፤ በእኔ እልህ ሊዘጋ ሆነ።

ቶሎ ብዬ አንድ ዘዴ አሰብኩ። ወጉ የሚለው እጅን ሰዶ አብሮ መቁረስ ነው፤ በሹካ የተበላ ግን የማንም ወግ አያውቀውም። ሹካውን አነሳሁና ዓሣውን ወጋሁት። ዓሣው ሸሸ። ደግሜ ብወጋው ተንሸራቶ ማናዬ ፊት ሄዶ ተጋደመ። አዳራሹ ሁሉ እኔን ያያል፣ ባንቺአየሁ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። በቃ፣ ሹካውን ጥዬ በእጄ ቆርሼ ጎረስኩ። ማናዬ ይህችን ጠብቆ ኖሮ በዚያው ቅጽበት እጁን ሰደደ።

«እንኳን ደስ ያለህ!» አለ አፉ ሙሉ እንደሆነ። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ከማድቤት እልልታ ተሰማ፣ ሰዉ ወደ ምግቡ ተመለሰ፤ ሊቀመንበሩም ምኑም ሳይገባው አጨበጨበ። እኔ የበላሁት ለባንቺአየሁ ነው ብል ማን ይስማኝ? ከአፍ የወጣ አፋፍ ሲባል አውቃለሁ፤ አፍ የገባም እንደማይመለስ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። እውነቱን ከጠየቅከኝ ግን ዓሣው ሸጋ ነበር፤ ሁለት ጨረስኩ።

ቤት ገብቼ አኮረፍኩ። ኋላ በደንቡ መሠረት ዙሌይካ ኑርዬ የሚሰጥሽ መህር ምን ይሁን ተብላ ተጠየቀች። እኔ ወርቅ ትላለች ስል፣ አንገቷን ደፍታ፣ ወርቅም ልብስም አልፈልግም፣ አጎቴን ዘይኑልአቢዲንን በመኪናው ያምጣልኝ አለች። በሬውን ልይ ብዬ ወጣሁ። በሬውን አላየሁም፤ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ።

እንግዲህ በርህ ላይ የቆመው ኑርዬ ነው። ደብዳቤው ሳይነበብ እህል እንዳይቀምስ አስምዬዋለሁ። እኔ የበላሁት ተከብቤ ነውና አይቆጠርም፤ የልጅቷ ነገር ባንተ እጅ ነው። ካልወደድከው ጦሙን ይመለስ። ከወደድከው እጅህን ታጠብና ከአንድ ሳህን አብረኸው ቁረስ። ከቆረስክ ግን ወጉን ታውቃለህ፤ መህሩ አንተ ነህ፣ ጋቢናው ውስጥም ለሁላችሁም ቦታ አለ።

እናታችን ኑርሀያት ዓይንህን ስማለች፤ የፊያት ድምፅ በሰማች ቁጥር ዛሬም ደጅ ትወጣለች። አሚናት ሰላም ብላሃለች። ዙሌይካ ሰላም ብላሃለች፤ ትከሻህ አሁንም ይችለኝ እንደሆን ጠይቅልኝ ብላለች። ማናዬ ሰላም ብሎሃል፤ እኔ ግን አኩርፌዋለሁ። ባንቺአየሁ፣ ትሪው ተቀምጦልሃል ብላለች። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ልጆችህን አንድ በአንድ ሳምልኝ። ሰላምታውን ያረዘምኩት ልጁ ትንሽ ይቁም ብዬ ነው።

ጨረስኩ። በል ክፈትለት።

ወንድምህ አሊ
ሐይቅ፣ ጥር 18 ቀን 1973 ዓ.ም.