አቶ ረጋሳ ባዳሳና የኤኮ ሳጥናቸው

አቶ ረጋሳ ባዳሳ ከአባታቸው ከአቶ ባዳሳ ጉቱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዳቢሴ ለሜሳ በ1935 ዓ.ም. ጎሮ ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል እዚያው ተምረው ጎባ ሄዱና ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ተቀጠሩ። ትዕግሥትን የተማሩት በዚያ ሱቅ ይመስለናል፤ በኋላ ብዙ አስፈልጓቸዋል። በ1957 ዓ.ም. ወይዘሮ ሲምቦ ዲማን አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1969 ዓ.ም. ጎባ በተቋቋመ አንድ የኪነት ቡድን የድምፅ ሠራተኛ ሆኑ። ከድምፅ ማጉያው ጋር ኤኮ የሚባል የቆርቆሮ ሳጥን ተረከቡ። ውስጡ ሁለት ቀጫጭን የሽቦ ሞላዎች ብቻ ነበሩት። የዘፋኙ ድምፅ በእነሱ ውስጥ አልፎ ሲወጣ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የተዘፈነ ይመስላል፤ አዳራሽ አይቶ ለማያውቅ የሃረና መንደር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሞላው መንገጫገጭን ስለማይችል፣ ቡድኑ በጭነት መኪና የሳነቴን ደጋ አቋርጦ ወደ አንገቱ ከተማ ሲወርድ አቶ ረጋሳ ሳጥኑን በገዛ ጋቢያቸው ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይይዙት ነበር። እሳቸው በብርድ ይንቀጠቀጣሉ። ወይዘሮ ሲምቦ «ያ ረጋሳ፣ ልጆችህን እንኳ እንዲህ አቅፈህ አታውቅም!» ይሏቸው ነበር። እውነታቸውን ነው። ደረታቸውን የያዛቸውም ያ ብርድ ነው።

መስከረም 2 ቀን 1971 ዓ.ም. የአብዮቱ በዓል ሮቤ ላይ ተከበረ። ዘፈን አልቆ ንግግር ሲጀመር ኤኮውን ማጥፋት የአቶ ረጋሳ ሥራ ነበር። የዚያን ቀን ግን ንፋሱ የማጉያውን ምሰሶ ሊጥለው ሲል ሊይዙት ሮጡ፤ ኤኮው እንደተከፈተ ቀረ። አንድ ባለሥልጣን ንግግር ሲጀምሩ እያንዳንዱ ቃል እየተንቀጠቀጠ ተመልሶ መጣባቸው፤ ጉድጓድ ውስጥ ወድቀው የሚጣሩ መሰሉ። ሕዝቡ ሳቀ። ገና ከመድረክ ያልወረደችው ዘፋኝ ጁሀራ ቀመርም ሳቀች። የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች።

አቶ ረጋሳ በማግስቱ ተያዙ። «ከኋላ እየተቀበለ የሚናገረው ማነው?» ተብለው ተጠየቁ። ሳጥኑን ከፍተው ሁለቱን ሞላዎች ቢያሳዩም የሚያምናቸው አልተገኘም። ቀጥሎ «ያዘዘችኝ ዘፋኟ ልጅ ናት ብለህ ፈርምና ቤትህ ግባ» ተባሉ። ሰባት ወር ሙሉ «የረሳሁት እኔ ነኝ» ከማለት ሌላ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ይህን ዛሬ በቀብራቸው ላይ በሰው ፊት ማንበባችን የሚያስከፋው ካለ ይከፋው፤ እኛም ደክሞናል።

ሲፈቱ ግራ ጆሯቸው አይሰማም ነበር። ጆሮው እንጀራው ለሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ወደ ሥራቸው ቢመለሱም ከዚያ ወዲህ ኤኮውን ከሩብ በላይ ከፍተውት አያውቁም። ጁሀራ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ጋሽ ረጋሳ፣ ወላሂ ስስታም ነዎት፤ ድምፄን አደረቁት እኮ!» ስትላቸው ኖረች። ፈገግ ብለው ያልፏታል። ስለ ፊርማው ጉዳይ ግን እኛን ቤተሰቡን «እንዳትሰማ፤ ከሰማች መዝፈኗን ትተዋለች» ብለው በአደራ አስረውን ነበር።

ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ የደረታቸው ሕመም እየጠና ሄዶ፣ በሐኪምም በጠበልም ሲረዱ ቆይተው፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ47 ዓመታቸው ዐረፉ። ከማረፋቸው ሁለት ቀን በፊት ለባለቤታቸው «ታሪኬ ሲነበብ ኤኮውን አጥፉት። አንድ ጊዜ መሰማቱ ይበቃል» ብለዋል።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አንዲት የልጅ ልጅ ትተው ሄደዋል። ወይዘሮ ሲምቦ አደራውን ከዚህ በላይ መሸከም አቅቷቸው ትናንት ለጁሀራ ሁሉንም ነግረዋታል። ዛሬ በማጉያው አጠገብ የቆመችው እሷ ናት። ኤኮውን በገዛ እጇ አጥፍታዋለች፤ መጥፋቱን ሦስት ጊዜ ተመልሳ አይታለች።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን፣ እሳቸው ያንን ሳጥን በብርድ እንዳቀፉት፣ አቅፎ ይቀበልልን።