አፌን ከፈትኩ

ሰኞ ከሰዓት፣ ከሆስፒታል አልጋ

ለምወድህ አባዬ፣

እንዴት ነህ? እዚያ ሩቅ አገር የሥራው ፀሐይ አልጎዳህም? እኔ ከትናንት ዛሬ ይሻለኛል። ወንድምህ ጋሼ ደውሎ "ልጅህ አዋረደችኝ" እንዳለህ ሰምቻለሁ። አሁን ደግሞ የኔን ስማ።

አደራ ብለህ እሱ ቤት ያስቀመጥከኝ ወንድምህ፣ ክሊኒክ ውስጥ ጽዳት ሲሠራ ያየውን ይዞ ጓዳው ውስጥ ጥርስ እንደሚነቅል ታውቃለህ። የኔንም መንጋጋ ጥርስ እሱ ነቀለው። መንቀያውን ቡታጋዙ ላይ አንዴ አሳለፈና "እሳት አይቷል፣ በቃ!" አለኝ። ጉንጬ አበጠ፤ ትኩሳት መጣ፤ ከዚያ ሳል። የምተፋው ነገር ሽታው አይጣል ነው። ሚስቱ እትዬም ነቀርሳ ነው ብላ ብርጭቆዬን ለየችው።

እዚህም መጀመሪያ የጠረጠሩት የሳንባ ነቀርሳ ነበር። ምርመራው አይደለም ሲል ሐኪሟ "በቅርቡ ጥርስ ተነቅለሻል?" ብላ ጠየቀችኝ። እትዬ እንደ ሁሌው ቀደመችኝ፤ "ኧረ የሷን ጥርስ ማንም አልነካውም!"

ታውቀኛለህ፣ ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም። ግን ዝም ካልኩ የማይሆን መድኃኒት ስውጥ መሞቴ ነው። አፌን በሰፊው ከፍቼ ጉድጓዱን በጣቴ አሳየኋት።

"ማነው የነቀለልሽ?"

እግርጌ ወደቆመው ጋሼ ጠቆምኩ።

"አንቺ ልጅ፣ ትኩሳቱ አናትሽ ላይ ወጣ እንዴ?" አለ እየሳቀ።

"አልወጣም። አንተ ነህ" አልኩት። ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ።

ከድዴ የተነሳው ኢንፌክሽን ሳንባዬ ውስጥ መግል ቋጥሯል አለች ሐኪሟ። አሁን መድኃኒት በደም ሥሬ ይገባል፤ ጎኔ ላይ ቱቦ አለ። አትደንግጥ።

ትናንት ጋሼ መጥቶ "ሐኪሟን ሌላ ሰፈር ነው የተነቀልኩት በያት፤ አለበለዚያ ቤቴን እርሺው" አለኝ።

"እሺ፣ ረስቼዋለሁ" አልኩት።

አባዬ፣ ይቅርታ ጠይቂው ብለህ እንዳትጽፍልኝ። አልጠይቅም። እሱ ጋ ጥርስ ሊያስነቅሉ የሚሄዱት ሰዎች ሳንባ የላቸውም እንዴ?

ለሥራ ስትሄድ የዘጋኸው የቤታችን ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ብቻ ንገረኝ። ብቻዬንም ቢሆን እገባለሁ፤ አልፈራም። ምናልባት መምጣት ከቻልክ ግን በሩን ከውስጥ አልቀረቅረውም።

ፈጣሪ ጥርስህንም ሳንባህንም ይጠብቅልኝ። ካመመህ ደግሞ ወንድምህ ጋ እንዳትሄድ።

ልጅህ