ትርሲትን ዋስ አድርጌ

ይድረስ ለአስካለ።

እንደምን ሰነበትሽ፣ እኔ ደኅና ነኝ ብሎ መጀመር የደብዳቤ ወግ ነው። ለአገሩ ሰው ሁሉ ደብዳቤ ስጽፍ እንደዚያ ብዬ ነው የምጀምረው፤ ታሞ የሚያቃስተውን ሰውዬ ሳይቀር ደኅና ነኝ አሰኘዋለሁ። ላንቺ ግን አልዋሽም። ደኅና አይደለሁም። ወደ አፈር ከመለስንሽ ሰባት ወር ሆነ። ፊደል ሳትቆጥሪ ነው የሄድሽው፤ ይህን ማን ያነብላታል ብዬ አሰብኩና በራሴ ሳቅሁ። እዚያ ካህን ሞልቷል፤ ዘንድሮ ከዚህ ደብር የሄዱት ብቻ ይበቁሻል።

ነገሩን ላዘግይብሽ አልፈልግም። ልጃችን ትርሲት ከዓርብ ማታ ጀምሮ ትኩሳት ይዟታል። ወገቤን፣ ራሴን ትላለች። አንቺም የጀመረሽ በወገብሽ ነበር። የወባ ንዳድ ይሆናል እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። ግንቦት ነው፣ አዋሽ ዳር የዋለ ሁሉ ንዳድ ይይዘዋል እላለሁ። እሷ ግን አዋሽ ዳር አልዋለችም፤ የዋለችው እኔ ፊት፣ ትምህርት ቤት ነው። አሁን አንቺ ትተኚበት በነበረው መደብ ላይ ተጋድማለች። ያቺ የአጥር ጎረቤትሽ አደ ጫልቱ አጠገቧ ተቀምጣ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ ታብሳታለች። እኔ ከኪዳን መልስ ደጅ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ ይህን እጽፋለሁ። ብጮኽ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ልጅቷ ትሰማኛለች።

ቤቱ ያው ነው ልልሽ ነበር፤ ያው አይደለም። ነፋሱ የጓዳውን ክዳን ገለጠውና መልሼ የከደንኩት እኔ ነኝ። ደብተራ ቤት ሲከድን ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ፤ ዝናብ ሲመጣ ደጅ መቆሙ ይሻላል። ከዶሮዎችሽ ሁለቱን ሸለምጥማጥ በላቸው። ወጥ ስሠራ ጨው አበዛለሁ። ትርሲት ዝም ብላ ትበላና ውኃዋን ትጠጣለች፤ አንድም ቀን አባባ ጨው በዛ ብላኝ አታውቅም። ይህን ትዕግሥት ከኔ አልወረሰችውም።

ፊቴን ወንፊት ትይው ነበር፣ ትዝ ይልሻል? በልጅነቴ ፈንጣጣ ጎብኝቶኝ ስለነበር ዳግመኛ እንደማይነካኝ አውቃለሁ፤ ያስታመምኩሽም ለዚህ ነው። ዘመድ ሁሉ ሲሸሽሽ ወንፊቱ አጠገብሽ ነበር። በዚያ ሥቃይ መካከል እንኳ፣ ለካስ ይህ ፊት ለቁም ነገር ኖሯል ብለሽ ቀለድሽብኝ። አይ አንቺ! ትርሲትን ግን ትኩሳቱ በጀመረሽ ዕለት አደ ጫልቱ ቤት ሰደድሻት። ልጅቷ ከቁልቋሉ አጥር ወዲያ ቆማ እማዬ፣ እማዬ ስትል፣ እንደ ምንም ድምፅሽን አጥርተሽ፣ ሥራ ይዣለሁ፣ ሂጂ ተጫወቺ ትያት ነበር። ከዚያ ፊትሽን ወደ ግድግዳው ታዞሪያለሽ። ይህን ያየ ሰው እንዴት ሰው ሆኖ ይኖራል?

በመጨረሻው ቀን እጄን ይዘሽ አደራ አልሽኝ። ልጄን ጠብቃት አልሽ። ደግሞ ትንፋሽሽን ሰብስበሽ፣ ዳዊት ሳትደግም እንዳትቀር፣ እኔ ዕድሜዬን በጨለማ ኖርኩ፣ እሷ አትኑር አልሽ። እሺ አልኩሽ፤ ሁለቱንም እሺ አልኩሽ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላል ያገራችን ሰው። ሁለቱ አደራዎች አንድ ቀን እርስ በርሳቸው እንደሚጣሉ ግን አንቺም አላሰብሽው፣ እኔም አላሰብኩት።

ትምህርት ቤቱን የዘጋሁት አንቺ ከመታመምሽ በፊት እንደነበር ታውቂያለሽ። ከዚያ ወዲህ ከሞጆም፣ ከደራም የሚሰማው መርዶ ብቻ ነበር። ግራሩ ሥር ልጆቹ ይቀመጡባቸው የነበሩት ድንጋዮች ብቻ ቀሩ። ከአዲስ አበባ ከታቢ ሐኪም በባቡር ይመጣል ተብሎ፣ ሁላችንም ልጆቻችንን ይዘን ጣቢያው ድረስ እየሄድን ስንት ቀን ጠበቅን! ባቡሩ ይመጣል። ጨው ይወርዳል፣ አቡጀዲ ይወርዳል፣ ከታቢ አይወርድም። እንዲያው ስናፈጥ ውለን እንመለሳለን።

ፋሲካ ሲያልፍ ሞቱ ጋብ አለ። ይሄኔ የደብሩ አለቃ መጡብኝ። ሁለቱ ዲያቆናት ሞቱ፣ ሦስተኛው ወዳገሩ ወደ ቡልጋ ሸሸ፣ ቅዳሴ ታጎለ፤ ልጆቹን ካላስተማርክ ማን ሊቀድስ ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ልጆቹም ከጥጃ ጋር እየዋሉ ያስቆጠርኳቸውን ፊደል እየረሱት ነበር። እኔ ግን እፈራ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አድሬ ጧት ደግሞ ሌላ ሰው ቤት ሄጄ እንዴት ይመስልሃል እላለሁ። የሚስማማ የለም። አንዱ ይከፈት ይላል፣ አንዱ ይቆይ ይላል፣ አንዱ ደግሞ እርስዎ ያውቃሉ ይለኛል። ምን አውቃለሁ? እኔ የማውቀው ንባብና ዜማ ነው።

በመጨረሻ ወላጆቹን ግራሩ ሥር ሰበሰብኳቸው። ሁለት ልጆች ቀብራ አንድ የቀራት እናት አለች፤ መጥታ ልጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ከሁሉ ኋላ ቆመች። የሚናገረው ተናገረ፣ የሚያለቅሰው አለቀሰ። ከዚያ ባሻ ደምሴ ተነሣ። ባሻ ደምሴን ታውቂዋለሽ፤ ካልተካሰሰ ምሳ የማይበላለት ሰውዬ። ዳኛ ፊት እንደሚቆም ሁሉ ኩታውን አደግድጎ፣ ዱላውን መሬት ተክሎ፣ «የኔታ፣ ነገር በዋስ ነው» አለ። «ለበሬ ዋስ እንጠራለን፣ ለበቅሎ ዋስ እንጠራለን። ለልጆቻችን ነፍስ ዋስ ይጥሩልን።» ሰዉ ሁሉ እውነት ነው፣ እውነት ነው አለ።

ቁጣዬን ታውቂያለሽ፤ ነደደኝ። ለሞት ዋስ የሚሆን ማን አለ፣ እግዜርን ላምጣላችሁ ወይ ብዬ ጮኽኩ። እሱ ግን አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በተሻለኝ። ዝግ ብሎ፣ «እግዜርንማ አንከስም» አለ፤ «ልጅዎን ከፊት ያስቀምጡልን። ትርሲት ከተቀመጠች የኛም ይቀመጣሉ።» ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ያቺ ሁለት የቀበረች እናት እንኳ ቀና ብላ አየችኝ።

እኔ ትርሲትን ቤት ለብቻዋ ላስተምራት አስቤ ነበር፤ ሁለቱም አደራሽ እንዲያ ነበር የሚገጥመው። ግን ምን ልበል? የናንተ ልጆች ይምጡ፣ የኔ ልጅ ትቅር ልበል? እንዲህ ያለ መምህር በምን አፉ ነው የእግዜርን ቃል የሚያስተምር? እምቢ ብል ደግሞ ትምህርት ቤቱም አይከፈት፣ ቅዳሴውም እንደታጎለ ይቅር፣ ሰውም በሽታው እንዳለ እያወቀ ነው ልጆቻችንን የሚጠራ ይበለኝ። የቸገረው ዱቄት ከነፋስ ይጠጋል። እሺ አልኩ። በሰው ሁሉ ፊት፣ ትርሲት ዋሴ ናት አልኩ። አንቺ ብትኖሪ በዚያ ቃል ላይ አፌን በእጅሽ ትይዥልኝ ነበር።

የቻልኩትን አደረግሁ፤ ይህን እወቂልኝ። ድንጋዮቹን በሬ በመካከላቸው እስኪያልፍ ድረስ አራራቅኋቸው። ጉልበቴን እንዳይስሙ ከለከልኩ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ውኃ በራሱ ቅል እንዲይዝ አዘዝኩ። ያ የተረገመ ነፋስ ድምፃቸውን እየነጠቀ ሲወስድብኝ ጩኹ አልኳቸው፤ ጮኹ። ንባባቸው ባቡር ጣቢያው ድረስ ተሰማ አሉ። ሰባት ወር ዝም ብሎ የከረመ አገር የልጆች ድምፅ ሲሰማ መንገደኛው ሳይቀር እየቆመ ያዳምጥ ነበር።

ዳዊቱ ግን አሸነፈኝ። ያለን አንድ ዳዊት ነው። ልጅ ሲጀምር ይስመዋል፣ ሲጨርስ ይስመዋል፤ አባቶቻችን እንዲያ ነው ያቆዩን። ከሩቅ ሆናችሁ እጅ ንሡት፣ ለጊዜው አትሳሙት አልኩ። ወይ ጉዴ! አለቃው መጡ፣ ባሻ ደምሴ መጣ፣ የልጆቹ አያቶች ሳይቀሩ መጡ። መጽሐፉ በሽታ ይሰጣል ማለትህ ነው ወይ አሉኝ። መናፍቅ ሊሉኝ ምንም አልቀራቸው። ይፈውሳል እንጂ እንዴት ያሳምማል ይላሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ግማሽ ልቤ ከነሱ ጋር ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የሳምኩት መጽሐፍ ነው፤ አፌ አትሳሙት ሲል ራሱ አፍሮ ነበር። ተውኩት። ዋስ ናትና መጀመሪያ የምትስመው ትርሲት ሆነች፣ ከሷ ቀጥሎ ሌሎቹ በየተራ።

ብታያት ኖሮ! ፊደል መጠቆሚያ ስንደዶዋን ይዛ፣ ጀርባዋን አቅንታ፣ የመጀመሪያውን መዝሙር ስታነብ ወንዶቹ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያዩዋት ነበር። ስትሳሳት እንዳንቺ ምላሷን ታወጣና ትመለስበታለች። ሁለት ሳምንት ያህል ደስ ብሎኝ ነበር፤ ካንቺ ወዲህ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሰውም ደስ አለው። ባሻ ደምሴ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ኮፍያውን እያነሣ፣ ዋስዎ ደኅና ናት ወይ ይለኛል። ደኅና ናት እለዋለሁ።

ዓርብ ዕለትም ደኅና ነበረች። ዳዊቱን ስማ ተነሣች፤ እነሱም ከሷ በኋላ ሳሙት። ማታ እራት አልበላም አለች። ከየት እንዳገኘችው አላውቅም። ከመጽሐፉ ይሁን፣ ከአጠገቧ ከተቀመጠ ልጅ ይሁን፣ ውኃ ከቀዳችበት ይሁን፣ እግዜር ይወቀው። እኔ አሁን የሚያስጨንቀኝ ያገኘችበት ብቻ አይደለም። አስካልዬ፣ ዋሳችን ናት ብለው ልጆቻቸውን ያመጡት እሷን አይተው ነው። እሷ ከሳመችው ላይ ነው ሁሉም የሳሙት። ዛሬ እሑድ እነዚያ ልጆች በየቤታቸው ከወንድሞቻቸው ጋር አንድ ቁርበት ላይ ይጋደማሉ። ነገ ጧት ደግሞ ሊመጡ ነው።

ለምን ሄጄ አልነገርኳቸውም ትይኛለሽ። ንዳድ ቢሆንስ እያልኩ ነዋ! ሳይረጋገጥ አገር ላሸብር እያልኩ ነዋ! ምን ልደብቅሽ፣ ይህን ሁሉ የምጽፍልሽም ለመሄድ ፈርቼ ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ አደ ጫልቱ ወጣች። እሷም እንደኔ ፈንጣጣ ጥሎ የተዋት ናት፤ በሽታውን ታውቀዋለች። አማርኛው ጠፋባት መሰለኝ፣ በኦሮምኛዋ «ያ ረቢ» ብቻ አለችና ፊቷን ሸፈነች። ገባሁ። የትርሲት ግንባር ላይ ወጥቷል፤ ከንፈሯም ውስጥ አለ። አላለቀሰችም። ድንጋዬ ላይ ነገ ሌላ ልጅ እንዳታስቀምጥብኝ አለችኝ። እሺ ልጄ አልኳት። ወጥቼ እንደ እብድ ራሴን በእጄ መታሁ።

እንግዲህ ንዳድ አይደለም። ተነሥቼ ልሄድ ነው። አደ ጫልቱ ከልጅቷ ጋር ትቀመጥልኛለች። መጀመሪያ የምሄደው ባሻ ደምሴ ቤት ነው። አልገባም፤ ከደጁ ርቄ ቆሜ፣ ዋሴ ታማለች፣ ልጅህን ከወንድሞቹ ለየው ብዬ እጮኻለሁ። ከዚያ ወደዚያች ሁለት ወደ ቀበረች እናት እሄዳለሁ። ለሷ ምን ብዬ እንደምናገር አላውቅም። ብትረግመኝ አሜን እላለሁ፤ ብትወግረኝም አልሸሽም። እስከ ማታ በየደጁ እንዲህ እያልኩ አዳርሳለሁ። ነገ ጎህ ሳይቀድ ደግሞ መንገዱ ላይ ቆሜ ያልሰማውን እመልሳለሁ።

አንቺን አልረሳሽም። የሙት ዓመትሽ ሲደርስ ካህን ቢጠፋ ብቻዬን ቆሜ ዳዊት እደግምልሻለሁ፤ መቃብርሽን አረም አይወርሰውም። ግን ሰው የሚለውን እሰማለሁ፤ ሟች የሚወደውን ይጠራል ይላሉ። ትናፍቅሻለች፤ አውቃለሁ፣ የማትናፍቅ ልጅ አይደለችም። እኔ ስምሽን ሳልጠራ አልውልም፣ አላድርም። አንቺ ግን፣ በወላጅ እናት ወግ እለምንሻለሁ፣ ስሟን አትጥሪ።