የጽሕፈት መኪናው አሮጌ ሣጥን

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእታለም ተሻለች፣ ኩየራ።

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ዝናቡ ሲቃረብ አልተነሣብሽም? ባልሽ ነጋሳስ? ልጅሽ ዘመናይስ? ላሟስ ወለደች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አካሌ ደኅና ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ ግን ከባድ ነገር ገጥሞኛል። ሰላምታውን ያሳጠርኩት ንቄሽ እንዳይመስልሽ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የአውቶቡሱ ሹፌር ሱሩር ነው። ሐሙስ ሲያልፍ ይሰጥሽና ሻሸመኔ አድሮ ዓርብ ጠዋት በደጅሽ ይመለሳል። ስለዚህ ቆመሽ አንብቢው፤ አንብበሽም ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ጨምሪው።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ለፋሲካ ስትመጪ የሰጠሁሽን አሮጌ የእንጨት ሣጥን፣ ዘመናይ ደብተሯን የምታስቀምጥበትን፣ ለሱሩር ስጪልኝ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

የሺዓለምን ታስታውሻታለሽ። ሱቄ በር ላይ ቆማ ያየሻት ረጅሟ ልጅ ናት፤ ይቺ ልጅ የምትመላለሰው ዕቃ ለማሠራት ብቻ ነው እንዴ ብለሽ የቀለድሽብኝ። የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት። ስብሰባ ባለበት ሁሉ፣ ዛሬ ወንጂ ነገ መቂ፣ ተንቀሳቃሽ የጽሕፈት መኪናዋን አንጠልጥላ ትሄዳለች። ተንቀሳቃሽ ይበሉት እንጂ ለሚሸከመው ሰው የወፍጮ ድንጋይ ነው። ሣጥኑ ወፍራም እንጨት፣ ቆዳው የተላጠ፣ እጀታው ተበጥሶ በሽቦ የተተካ ነበር። ሽቦው መዳፏ ላይ ሰንበር አውጥቶባት ነበር። ያንን መዳፍ ካየሁ በኋላ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሌላ ሥራ አስጠላኝ።

አባባ ኮርቻ ሲሰፋ ይለን የነበረውን መቼም አትረሺውም። ዕቃን ሥጋ በሚነካበት በኩል ብረት አታሳየው፣ ዓይን በሚያርፍበት በኩል ስፌት አታሳየው ይለን ነበር። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ጋራዥ ከተጣለ አውቶቡስ ጎን ላይ አልሙኒየም ቆርጬ አዲስ ሣጥን ሠራሁ። ማዕዘኑን ሁሉ በሞረድ አለሰለስኩት፤ ውስጡን በብርድ ልብስ ቁራጭ አለበስኩት፤ እጀታውን ከአባባ በተረፈው የበሬ ቆዳ ሰፋሁት። ክብደቱ በግማሽ ቀነሰ። የጽሕፈት መኪናው ራሱ ግን ጥቁር ቀለሙ ተላልጦ ዝገት አውጥቶ ስለነበር፣ በአዲስ ኮት ላይ የተቀደደ ኮሌታ ሆነብኝ። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩና የርግብ ላባ የመሰለ ግራጫ ቀባሁት። የሺዓለም ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያን ቀን ናዝሬት ውስጥ ከእኔ በላይ የኮራ ሰው አልነበረም።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ከመኪናው ጀርባ በነጭ የዘይት ቀለም የንብረት ቁጥር ተጽፎበት ነበር። የጻፈው ሰው እጁ ይንቀጠቀጥ ኖሯል መሰለኝ፣ ፊደሉ ተጣሞ ቀለሙም እየተንጠባጠበ ወርዷል። አስቀያሚነቱ ዓይኔን ወጋኝ። አሁን ልፋቀውና ግራጫው ሲደርቅ አሳምሬ እጽፈዋለሁ አልኩ። ያው ቁጥር በአሮጌው ሣጥን ወለል ላይም ስላለ ከዚያ እገለብጠዋለሁ ብዬ ተማምኜ ነበር። ከዚያ አንቺ መጣሽ፣ ሣጥኑን ወደድሽው፣ አንሥቼ ሰጠሁሽ፤ ቁጥሩም ከአሳቤ ወጣ። ኧረ እንዲህም አድርጎ የሚደነዝዝ ሰው አለ!

ባለፈው ሳምንት ከተማው ውስጥ በጽሕፈት መኪና የተጻፈ ወረቀት ተበትኖ ተገኘ አሉ። ምን እንደሚል አላየሁም፤ ማየትም አልፈልግም። ሰኞ ዕለት በየመሥሪያ ቤቱ ያለው የጽሕፈት መኪና ሁሉ ከመዝገብ ጋር ይመሳከር ተባለ። መዝገቡ ጥቁር፣ ባለ እንጨት ሣጥን፣ ቁጥር አርባ ሰባት ይላል። የሺዓለም ጠረጴዛ ላይ የተገኘው ደግሞ ግራጫ፣ ባለ አልሙኒየም ሣጥን፣ ቁጥር የሌለው። ጥቁሩን ለማን ሰጠሽው አሏት። ያው ራሱ ነው ብትል ማን ሊሰማት! ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደታሰረች ናት። በገዛ እጄ ገደል ከተትኳት እታለም።

ማክሰኞ ራሴ ሄጄ የሠራሁት እኔ ነኝ አልኩ። ነገሩን የሚመረምረው የአጣሪ ኮሚቴ ሊቀመንበር አሳምር ብሎ ያዘዘህ ማን ነው አለኝ። ማንም አላዘዘኝም አልኩት። ታዲያ ሰው ያልታዘዘውን ለምን ይሠራል ብሎ አፈጠጠብኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? መዳፏ አሳዘነኝ ልበለው? አዎ፣ እወዳታለሁ፤ አሁን ለአንቺ ነገርኩሽ። ለራሷ ያልነገርኳትን ለሊቀመንበር አልናገርም ብዬ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬንም ጻፉት። ብረቱ ላይ የተመታውን የፋብሪካ ቁጥር እዩልኝ ብላቸው፣ መዝገባችን የሚያውቀው የቀለሙን ቁጥር ነው አሉኝ። አሮጌው ሣጥን ዘመድ ቤት አለ አልኳቸው፤ ስምሽን ግን አላነሣሁም። እንግዲያው እስከ ቅዳሜ ጠዋት አምጣ፣ ያለዚያ ልጅቷ ወደ አዲስ አበባ ትላካለች ተባልኩ። ወደዚያ ስለተላኩት ሰዎች የሚወራውን አንቺም ትሰሚያለሽ። እኔ ከከተማ እንዳልወጣ ታዝዣለሁ፤ የይለፍ ወረቀትም የሚሰጠኝ የለም።

ደብተሮቹን ስታወጪ ወለሉ ላይ ቁጥሩን ታገኚዋለሽ። በዙሪያው የመኪናው አራት እግሮች ለዓመታት ተቀምጠውበት ያተሙት የዝገት ክብ አለ፤ አንዱ እግር የተሰበረ ስለሆነ እዚያ ቦታ ግማሽ ክብ ብቻ ነው። ግራጫውን መኪና አምጥተው ቢያስቀምጡበት እግሩ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያገኛል። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል፤ ያኔ ያው መኪና አይደለም ሊሉ አይችሉም።

አሁን የሚያስፈራኝ ሱሩርም መንገዱም አይደለም፤ አንቺ ነሽ። ቤትሽ የገባ ዕቃ በአመድና በሎሚ ሳይፈተግ አያድርም። ባለፈው ደብዳቤሽ ክረምት ሳይገባ ሣጥኑን ፈትጌ የአበባ ወረቀት እለጥፍበታለሁ ብለሽኝ ነበር። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ባሰብኩት ቁጥር ላብ ያጠምቀኛል። የአባባ ልጆች ነንና ሁለታችንም አስቀያሚ ነገር አይተን ማለፍ አንችልም። ካልጀመርሽው አትጀምሪው፤ ከጀመርሽውም ካለበት አቁሚው። ወረቀት ለጥፈሽበት ከሆነ አትላጪው፣ እኔ እዚህ በእንፋሎት ቀስ አድርጌ አነሣዋለሁ።

ነጋሳን አካም ጅርታ በይልኝ። ማጠፊያዎቹን ለዶሮ ቤቱ በር ነቅሏቸው ከሆነ አልቀየመውም፤ ወለሉን ብቻ እንዳይነካው አደራ። ዘመናይን ግራና ቀኝ ጉንጯን ሳሚልኝ። ሣጥኗን ስትወስጂባት ማልቀሷ አይቀርም፤ አጎትሽ ከዚህ የሚበልጥ ይሠራልሻል በያት፣ ዕድሜ ከሰጠው። የአማትሽንም ጉልበት ስሜያለሁ፤ ነገሩን ግን አትንገሪያቸው፣ ይደነግጣሉ።

ሣጥኑን ስታወጪው እጅሽ ወደ እራፊ ጨርቅ መሄዱ አይቀርም። ያኔ የሺዓለምን አስቢያት። ዕድሜሽን ሙሉ ከቤትሽ ቆሻሻ ዕቃ አውጥተሽ ሰው ፊት አቅርበሽ አታውቂም፤ ለወንድምሽ ስትይ ዛሬ ብቻ እፈሪ። አቧራውን እንኳ ሳታራግፊ፣ እንደ ቆሸሸ ላኪልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ አብተው
ናዝሬት፣ ረቡዕ ሰኔ 6 ቀን 1971 ዓ.ም.