መስኮቱ ላይ ያለው ጊታር

ግንቦት ፮ ቀን

ለታላቅ ወንድሜ፣

ጤና ከአንተ አይራቅ፤ እኛ ደህና ነን። ይህን ልጻፍልህ አልጻፍልህ እያልኩ ሳመነታ ነው የዋልኩት።

እማዬ የሚሰፋ ልብስ በዝቶላታል፤ እኔም ቁልፍ እተክልላታለሁ። ዛሬ ለደንበኛ ሱሪ ላደርስ ስሄድ፣ ይዤው እሄዳለሁ ያልከውን ጊታር አሮጌ ዕቃ ሻጩ መስኮት ላይ አየሁት። እኔ የሰፋሁልህ ማንገቻ እንኳ አልወለቀም። ወደ ሰውዬው ሱቅ ገባሁ።

«የማን ነው?» አልኳቸው።

«ለመንገዱ ገንዘብ ብሎ የሸጠልኝ ልጅ ነበር። ምነው ደነገጥሽ፣ ልትዘፍኚበት ነው?» አሉኝ እየሳቁ።

እማዬ ማታ ማታ «ይሄኔ ከሥራ ገብቶ እየተጫወተ ነው» ትላለች። ምንም አልነገርኳት። አንተ ግን ከሥራ ስትገባ ምን ትሠራለህ?

እሷም በናፍቆት ሰላም ብላሃለች።

የሰውዬው የሱቅ መጋረጃ ተቀዷል። ነገ እንደ ምንም አፌን ከፍቼ፣ «አዲስ እሰፋልዎታለሁ፣ ጊታሩን ግን ለማንም አይሽጡብኝ» እላቸዋለሁ።

እህትህ