ይርጋ ጡሩምባውን ነፈገኝ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እህቴ፣ ለእትዬ የትምወርቅ፤

እንደምን ከርመሻል? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ እንዳመሉ ነው? እናታችንስ ዓይኗን እንዴት ሆነች? ጅሩ አዝመራው እንዴት ነው? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ እንጂ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም።

ነገሩ የይርጋ ነው። ወንድማችን የሚነዳውን የጭነት መኪና ባለቤቱ አቶ ገሪማ ዘንድሮ ከፍ አስደረገው። የፍስሐ ገነት መንገድ በዚህ ዝናብ ጭቃው ለጉድ ነውና፣ ሆዱ እንዳይቀረቀር ብሎ መኪናውን ከሚሸከመው ብረት፣ ከባሌስትራው ሥር የዋንዛ ጉማጅ አስገባበት። የሠራለትም መካኒክ አይደለም፣ አናጢ ነው! መኪናው ከፍ ሲል መሪውን ከጎማው የሚያያይዘው ዘንግ ይንጋደዳል፤ መጋጠሚያው፣ እኛ መካኒኮች ቴስቲኒ የምንለው፣ ቶሎ ይበላል። እሱ ካመለጠ አለቀ፤ ሹፌሩ መሪ ጨብጦ ገደል ይገባል።

ባለፈው እሑድ ከይርጋ ጋር እንደልማዳችን መኪናውን ልናይ ገባን። እሱ ጋቢና ተቀምጦ መሪውን ግራ ቀኝ ያወዛውዛል፣ እኔ ሥር ተንጋልዬ መዳፌን መጋጠሚያው ላይ አደርጋለሁ። እትዬ፣ እንደሚወልቅ ጥርስ ተነቃነቀብኝ። ዋንዛውም ተሰንጥቆ የባሌስትራው ማሰሪያ ላልቷል። ውረድና አንተም ንካው አልኩት። ቦታ ተለዋወጥን፣ ነካው፤ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

አብረን አቶ ገሪማ ዘንድ ሄድን። ቡናው ተለቅሞ ይለቅና ይጠገናል አለን። ልከራከር አፌን ስከፍት ይርጋ ራሱ ጎትቶ አወጣኝ። ታውቂያለሽ፣ አቶ ገሪማ ጣቱን ማር ቀብቶ ያጠባው የጡት አባቱ ነው። ደጅ ላይ ቆሞ፣ «የጡት አባቴን እንቢ ብዬ በየት አገር ልኖር ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? ያጠባው ዕለት ድግሱን እኔም በልቼ መርቄያለሁ።

ቢጨንቀኝ ዘንጉን ፈትቼ ቤቴ አልጋ ሥር ደበቅሁት። እኔ በሌለሁበት ይርጋ መጥቶ ሽብሩ ልኮኝ ነው ብሏት፣ ሚስቴ ቆንጅት ምን ታውቃለች፣ አውጥታ ሰጠችው። ራሱ ገጥሞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነጋገርንም።

ድሮ ከወናጎ ሲመለስ በጋራዣችን ደጅ ጡሩምባውን ሳይነፋ አያልፍም ነበር፤ በሰላም ገባሁ ማለቱ ነው። አሁን እሱንም ነፈገኝ። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ እወጣለሁ፣ የሌላ ሰው ይሆናል። ከሥራ ስወጣ የአቶ ገሪማን አጥር ዞሬ፣ መኪናው ቆሞ ካየሁ ሄጄ እተኛለሁ። ትናንት ቦታው ባዶ ነበር።

አዝለሽ ያሳደግሽው አንቺ ነሽ፤ ከአንቺ ቃል አይወጣም። ጻፊለት፣ ወይ ተነሺና ነይ። ይህ ደብዳቤ እስኪደርስሽ፣ የአንቺም እስኪመጣ የሚሆነው ሁሉ ሆኖ ይጠብቀን ይሆናል፤ አውቃለሁ። ሌላ መላ ግን አጣሁ። ተስፋዬ ተሟጧል፣ እህቴ።

ለባለቤትሽ ለጋሽ ከፈለኝ፣ ለልጅሽ ለውዳሴ፣ ለጎረቤታችን ለእማሆይ ይመኙሻል ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ቆንጅትም እጅ ትነሳለች። የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ይህን የጻፍኩትን ግን አታንብቢላት። መቼም ይርጋስ ሰላም አላለኝም ወይ ብላ ትጠይቅሻለች። የእሱን ሰላምታ ከደብዳቤዬ ግርጌ ሳልጽፍ ቀርቼ አላውቅም። ዛሬ እሱ ሳይለኝ ከየት አምጥቼ ልጻፈው? አንቺ ግን ሰላም ብሏል በያት።

ወንድምሽ ሽብሩ
ዲላ፣ ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት
ኅዳር ፲፯ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.